አውሮፕላን በውቅያኖስ ላይ ሲበር ፍጥነቱና ፍጥንጥነቱ እንዴት ይለካል? የእኅቴ ደብተርና የስልኳ ንባብ አልተስማሙልኝም

ጠያቂ፦ መምህር ዘደሴ

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ከተማ ውስጥ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ዘንድሮ የእንቅስቃሴን ምዕራፍ ስጀምር፣ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ከሚያሰሉት የመኪናና የብስክሌት ምሳሌ ወጥተው በእጃቸው በገባ እውነተኛ ቁጥር እንዲሠሩ ፈለግሁ። ስለዚህ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ በቦይንግ 787 የምትመጣውን ታናሽ እኅቴን ሁለት ነገር እንድታደርግልኝ ለመንኳት። የመጀመሪያው፣ ከፊቷ ባለው ስክሪን ላይ የሚታየውን ፍጥነት፣ ከፍታና የውጭ ሙቀት በየ10 ደቂቃው በደብተር እንድትጽፍልኝ ነው። ሁለተኛው፣ የስልኳን የፍጥንጥነት መለኪያ የሚመዘግብ መተግበሪያ ከፍታ፣ ስልኩን በወንበሯ የክንድ ማሳረፊያ ላይ በላስቲክ እንድታስረው ነው። ፍጥንጥነት ስል ፍጥነት በየሴኮንዱ የሚጨምርበትን ወይም የሚቀንስበትን መጠን ማለቴ ነው። ስልኩ አውሮፕላኑ ገና ቆሞ ሳለ በርዝመቱ አቅጣጫ ዜሮ እንዲያነብ አስተካክላዋለች።

እኅቴ ቃሏን ጠብቃ፣ እንቅልፏንም አጥታ፣ አራት ገጽ ሙሉ ቁጥር ይዛልኝ መጣች። ከአትላንቲክ ላይ ከተጻፉት መሥመሮች አንዱ ከፍታ 11,278 ሜትር፣ የውጭ ሙቀት ከዜሮ በታች 54 ዲግሪ፣ ፍጥነት በሰዓት 1,046 ኪሎ ሜትር ይላል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ከፍታውና ሙቀቱ ሳይለወጡ ፍጥነቱ ወደ 1,010 ወርዷል። የመጀመሪያው ጥያቄዬ ከዚህ ይነሣል። ባነበብኩት ሁሉ 787 በሰዓት ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይበራል ነው የሚባለው፤ ታዲያ 1,046 ከየት መጣ? ከታች ውኃ ብቻ፣ አንድም ምልክት በሌለበትስ ይህን ቁጥር ማን ነው የለካው?

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ አስጨንቆኛል። ተማሪዎቼ ስልኩ አውሮፕላኑ ሲንደረደር የመዘገበውን ፍጥንጥነት በጊዜ እያባዙ ሲደምሩ፣ በአማካይ 2.0 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ለ42 ሴኮንድ ሆኖ 84 ሜትር በሴኮንድ፣ ማለትም በሰዓት 302 ኪሎ ሜትር አገኙ። ይህ ለመነሻ ፍጥነት የሚታመን ስለ ሆነ ክፍሉ በደስታ አጨበጨበ። ሆኖም ያንኑ ሥራ በውቅያኖሱ ላይ ለተመዘገበው 30 ደቂቃ ሲደግሙት፣ አውሮፕላኑ በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ በሰዓት ወደ 2,200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጨመረ የሚል ውጤት ወጣ። ልጆቹ ስልኩ ተበላሽቷል አሉ። እኔ አልመሰለኝም፤ ነገር ግን የተሳሳትንበትን ቦታ ላሳያቸው አልቻልኩም። የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ውለታውን አልረሳም።


መልስ 1፦ ጡረተኛው ቴክኒሽያን

የተከበሩ መምህር፣ ለተማሪዎችዎ ያሰቡት ሥራ እጅግ ደስ ብሎኛል። በአውሮፕላን ጥገና፣ በመለኪያ መሣሪያዎችና በኤሌክትሮኒክስ በኩል 27 ዓመት ስለ ሠራሁ የመጀመሪያውን ጥያቄዎን እኔ ልሞክረው፤ የስልኩን ነገር ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ይመልስልዎታል።

ከሁሉ በፊት፣ በአየር ላይ ያለ አውሮፕላን አንድ ፍጥነት ብቻ የለውም። እኅትዎ 1,046 ብላ በጻፈችበት ቅጽበት አብራሪዎቹ ፊት ያለው ዋናው የፍጥነት መለኪያ ወደ 278 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 515 ኪሎ ሜትር ያህል ያነብ እንደ ነበር ከሰጡን ቁጥሮች ማስላት ይቻላል። አውሮፕላኑ በዙሪያው ያለውን አየር የሚሰነጥቅበት እውነተኛ ፍጥነት ደግሞ በሰዓት ወደ 908 ኪሎ ሜትር ነበር። 515፣ 908 እና 1,046 ሦስቱም በአንድ ጊዜ ትክክል ናቸው፤ ልዩነታቸው ከምን አንጻር እንደ ተለኩ ነው።

የመጀመሪያው የሚመጣው ከፒቶ ቱቦ ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ፒቶ እ.ኤ.አ. በ1732 የሴን ወንዝን ፍሰት ለመለካት የሠራው ጎባጣ ቱቦ፣ በመሠረቱ ሳይለወጥ፣ ዛሬም ከአውሮፕላኑ አፍንጫ ወረድ ብሎ በግራና በቀኝ ተሰክቶ ይገኛል። ውፍረቱ እንደ አውራ ጣት ያህል ነው፤ ቀዳዳው ወደ ፊት ስለሚያይ ፊት ለፊት የሚገጨውን የአየር ግፊት ይቀበላል። በአውሮፕላኑ ጎን ካሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች የሚወሰደው የጸጥታ ግፊት፣ ማለትም አየሩ ሳይገጭ ያለው ግፊት፣ ከዚህ ሲቀነስ የሚቀረው ልዩነት የፍጥነት ምልክት ነው። መሣሪያው የተስተካከለው ግን በባሕር ጠለል ላለ አየር ነው። በ11,278 ሜትር ከፍታ የአየሩ እፍግታ ከባሕር ጠለሉ 28 በመቶ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ሳስቶ የሚገጨው አየር ግፊቱም አነስተኛ ነው፤ ንባቡ ወደ 515 የሚወርደው ስለዚህ ነው። ይህ እንደ ጉድለት መታየት የለበትም። ክንፉ የሚሸከመው በዚያው ግፊት ስለ ሆነ፣ አብራሪው አውሮፕላኑ በአየር ላይ መቆየት መቻሉን የሚያውቀው ከዚህ ዝቅተኛ ቁጥር ነው።

ወደ 908 የምንደርሰው በማክ ቁጥር፣ ማለትም ፍጥነቱ ለድምፅ ፍጥነት ሲካፈል በሚወጣው ቁጥር፣ በኩል ነው። 787 በረጅም በረራ ላይ የሚሄደው በድምፅ ፍጥነት 0.85 እጥፍ ገደማ ነው። የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በሙቀት ብቻ ሲሆን፣ የፍጹም ሙቀቱን ካሬ ሥር በ20.05 ማባዛት ነው። ከዜሮ በታች 54 ዲግሪ ማለት 219.15 ኬልቪን ነው፤ ውጤቱ 296.8 ሜትር በሴኮንድ፣ በሰዓት 1,068 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በ0.85 ሲባዛ 908 ይመጣል። ከዚህ እስከ 1,046 ያለው 138 ኪሎ ሜትር ከኋላ የሚገፋው ነፋስ ነው፤ በሰሜን አትላንቲክ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ለሚነፍሰው ለጄት ስትሪም ይህ መካከለኛ ነፋስ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020፣ ሲያራ የተባለው ማዕበል በነፈሰበት ሌሊት፣ አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ 747 ከኒው ዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ሲገባ የምድር ፍጥነቱ፣ ማለትም ከመሬት አንጻር ያለው ፍጥነቱ፣ በሰዓት እስከ 1,327 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር። ብዙ ሰው ድምፅን ቀደመ ብሎ ጽፏል፤ አልቀደመም። ከከበበው አየር አንጻር እንደ ወትሮው ከድምፅ በታች ነበር፤ አየሩ ራሱ ነው ተሸክሞት የሮጠው።

በተማሪዎችዎ ፊት አንድ ተጨማሪ ነገር ቢያነሡ እወዳለሁ። ያ 54 ዲግሪ ራሱ በቀጥታ የተለካ አይደለም። ከአውሮፕላኑ አካል ወጣ ብሎ የተተከለው የሙቀት መለኪያ በፍጥነት የሚገጨው አየር ሲታመቅ ስለሚሞቅ፣ በዚያ ሰዓት የሚያነበው ከዜሮ በታች 22 ዲግሪ ገደማ ነው። ኮምፒዩተሩ የማክ ቁጥሩን ተጠቅሞ ይህን ሙቀት ከቀነሰ በኋላ ነው እውነተኛውን የሚያሳየው። ስለዚህ የፒቶ ቱቦው ከተዘጋ ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን ሙቀቱም አብሮ ይዛባል።

መዘጋት ስል ቀላል ነገር እንዳይመስል። እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2009 ከሪዮ ዴ ጄኔሮ ወደ ፓሪስ ይበር የነበረው የኤር ፍራንስ ኤርባስ ኤ330 በአትላንቲክ መካከል የበረዶ ብናኝ ቱቦዎቹን ሲዘጋቸው፣ የፍጥነት ንባቦቹ እርስ በርሳቸው አልስማማ አሉ፤ አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበርረው አውቶፓይለትም ተቋረጠ። የተዘጉት ከአንድ ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ነበር። ሆኖም አውሮፕላኑ አፍንጫው ከመጠን በላይ ቀና ተደርጎ ክንፉ መሸከም አቃተው፤ ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥም ከነ228 ተሳፋሪዎቹና ሠራተኞቹ ባሕር ውስጥ ገባ። በመስመር ጥገና ሥራ ስጀምር የነበሩኝ አለቃ አውሮፕላኑ ሲቆም ቱቦዎቹ የሚለብሷቸውን የፒቶ ሽፋኖች ከነቀይ ጥብጣባቸው አንድ በአንድ ከእጄ ቆጥረው ሳይረከቡ ወረቀቱን አይፈርሙም ነበር። ያኔ ወጣት ስለ ነበርኩ ጭካኔ ይመስለኝ ነበር።

ሦስተኛው፣ ማለትም 1,046፣ የምድር ፍጥነት ይባላል፤ እርሱ ከጂፒኤስና፣ ፍጥንጥነትን በጊዜ እየደመረ ፍጥነትንና ቦታን ከሚያወጣው ከኢነርሺያ መሣሪያው ተጣምሮ የሚወጣ ነው። በተረፈ ከፍታ ለመነሻም ዋጋ እንዳለው ያስተምሯቸው፤ ቦሌ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነ፣ መለኪያው 150 ኖት እያነበበ ጎማው በእውነቱ ወደ 168 ኖት ይሽከረከራል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ በመንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሲሞላ የኖረው፣ የመልሱ ጉዞ ግን ያለ ማረፊያ የሚመጣው፣ ዋናው ምክንያት ይኸው የሳሳ አየርና ከፊት የሚመጣው ነፋስ ነው።


መልስ 2፦ ሚዛን

መምህር፣ ጡረተኛው ቴክኒሽያን ያስቀመጡት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ በጀርመን አገር በኢነርሺያ ናቪጌሽን መሣሪያዎች ላይ የምሠራ መሐንዲስ ነኝ፤ የስልኩን ጉዳይ ልውሰደው።

ስልኩ አልተበላሸም። ተማሪዎችዎም ሒሳቡን አልሳቱም። የተሳሳተው መሣሪያው ምን እንደሚለካ ያላቸው ግምት ነው። የፍጥንጥነት መለኪያ የሚባለው ዕቃ ውስጡ በሚለጠጥ ነገር የተያዘች ጥቃቅን ክብደት አለች፤ የሚለካውም ያቺን ክብደት የያዛት ነገር የሚገፋበትን ኃይል ነው። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጡት ፈጽሞ ሳይንቀሳቀስ ወደ ላይ 9.8 ያነባል፤ ምክንያቱም ጠረጴዛው ወደ ላይ ይገፋዋል። ከጣሪያ ቢለቁት፣ እየፈጠነ ሲወድቅ፣ ዜሮ ያነባል። ስለዚህ መሣሪያው የመሬት ስበትን ከእንቅስቃሴ ለይቶ አያውቅም። ለመለየት የግድ አንድ ሌላ ነገር ማወቅ አለበት፤ ይኸውም ቀጥ ያለው አቅጣጫ በየት በኩል እንደ ሆነ ነው።

አሁን ወደ እኅትዎ ወንበር እንመለስ። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲቆም ወለሉ ደልዳላ ነው። በጉዞ ከፍታ ላይ ግን አፍንጫው 2 ዲግሪ ያህል ቀና ብሎ ነው የሚበረው፤ የምግብ ጋሪ የሚገፉ አስተናጋጆች ይህን በጉልበታቸው ያውቁታል። ስልኩ በ2 ዲግሪ ወደ ኋላ ሲጋደል ከስበቱ ላይ የ2 ዲግሪን ሳይን ያህል፣ ማለትም 0.34 ሜትር በሴኮንድ ካሬ፣ ወደ ፊት የሚያፈጥን መስሎ ያየዋል። ይህን በ1,800 ሴኮንድ ያባዙት፤ 616 ሜትር በሴኮንድ፣ በሰዓት 2,218 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ልጆቹ ያገኙት 2,200 ቁጥር ይኸው ነው። የለኩት የአውሮፕላኑን ፍጥነት ሳይሆን የወለሉን ዘመምታ ነው፤ እርሱንም በጣም በጥሩ ሁኔታ ለክተውታል፤ ይህን ንገሯቸው።

በመንደርደሪያው ላይ የተሳካላቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ወለሉ ገና ደልዳላ ነበር፤ ፍጥንጥነቱ 2.0 ሆኖ ትልቅ ነበር፤ ጊዜውም 42 ሴኮንድ ብቻ ነበር። ትንሽ ስሕተት በጊዜ ስትባዛ ታድጋለች፤ ጊዜ ካላገኘች ግን አታድግም።

ይህ በስልክ ብቻ የሚያበቃ ችግር አይደለም፤ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው እጅግ ውድ መሣሪያም ይኸው ጠላት አለበት። የእኛ ሙያ ሰዎች ለመቶ ዓመት ሲታገሉት የኖሩት ነገር ስለ ሆነ ትንሽ ልዘርዝረው። አንድ መለኪያ ከስበቱ አንድ ሺህኛ፣ ማለትም 0.0098 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ብቻ ተሳሳተ እንበል። ይህ ስሕተት ሁለት ጊዜ በጊዜ ሲደመር በአንድ ሰዓት ውስጥ 64 ኪሎ ሜትር፣ በስምንት ሰዓት የውቅያኖስ በረራ ደግሞ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ የቦታ ስሕተት ያመጣል። እንዲህ ያለ መሣሪያ የያዘ አብራሪ ሎንዶን ደረስኩ ሲል ሌላ አህጉር ላይ ነው። ያዳነን ምድር ክብ መሆኗ ነው። ጀርመናዊው ማክስ ሹለር እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው ሥራ ያሳየው፣ መሣሪያው ተጉዣለሁ ብሎ ባሰበ ቁጥር የራሱን ደልዳላ ሜዳ ከምድር ክብነት ጋር እያዞረ እንዲሄድ ከተደረገ፣ የሐሰት ጉዞ የሐሰት ዘመምታ ይወልዳል፤ ያ ዘመምታም ከስበቱ ላይ ስሕተቱን የሚቃወም ኃይል ያመጣል። ስለዚህ ስሕተቱ ያለ ገደብ በማደግ ፈንታ በ84.4 ደቂቃ አንድ ጊዜ እየተወዛወዘ ይመለሳል። ያው የአንድ ሺህኛ ስሕተት 4,000 ኪሎ ሜትር በማምጣት ፈንታ ቢበዛ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይታገዳል። ተማሪ ሳለሁ ይህን መጀመሪያ በወረቀት ያወጣሁ ቀን እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል፤ ስሕተትን በተቃራኒው ስሕተት ማሰር የሚቻል መሆኑን በዓይኔ ሳየው ነው ይህን ሙያ የመረጥኩት።

የመለኪያው ስሕተት ከመሣሪያው ወጥቶ አውሮፕላኑን ሲያናውጥም ታይቷል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2005 ከአውስትራሊያዋ ፐርዝ ወደ ኳላ ላምፑር ይበር የነበረው የማሌዥያ አየር መንገድ ቦይንግ 777 በውስጡ ካሉት የፍጥንጥነት መለኪያዎች አንዱ ከአራት ዓመት በፊት ተበላሽቶ ንባቡ ወደ ጎን ተትቶ ነበር። በዚያ ቀን ሁለተኛው ሲበላሽ፣ በሶፍትዌሩ ውስጥ ተደብቆ የኖረ ስሕተት የመጀመሪያውን ብልሹ መለኪያ መልሶ አመነው። አብራሪዎቹ በአንድ ጊዜ ፍጥነታችሁ ከመጠን በላይ በዝቷል እና ፍጥነታችሁ ከመጠን በላይ አንሷል የሚሉ ሁለት ተቃራኒ ማስጠንቀቂያዎች ደረሷቸው። አውሮፕላኑ በራሱ አፍንጫውን አቅንቶ ከ38,000 ወደ 41,000 ጫማ ገደማ ወጣ፤ የሚያነበው የአየር ፍጥነትም ከ270 ወደ 158 ኖት ወረደ። አብራሪዎቹ አውቶፓይለቱን አጥፍተው በእጃቸው ወደ ፐርዝ መልሰው በሰላም አሳርፈውታል።

አሁን ለክፍልዎ ትልቁን ነገር ልናገር። የእኅትዎ ደብተር ከስልኩ የተሻለ የፍጥንጥነት መለኪያ ነው። ከ1,046 ወደ 1,010 መውረድ ማለት በ1,200 ሴኮንድ ውስጥ 10 ሜትር በሴኮንድ መቀነስ ነው፤ ፍጥንጥነቱ 0.0083 ሜትር በሴኮንድ ካሬ፣ ከስበቱ አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። ስልኩ በአንዲት ዲግሪ ዘመምታ ብቻ የዚህን ሃያ እጥፍ ይሳሳታል። በእርሳስ የተጻፉት ሁለት ቁጥሮች ግን እያንዳንዳቸው በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር ቢሳሳቱ እንኳ በውጤቱ ላይ የሚያመጡት 0.0005 ነው።


መልስ 3፦ አንቴና

በሁለቱም መልሶች ላይ የምጨምረው ትንሽ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ሆኜ አውሮፕላኖች ስለ ራሳቸው በሬዲዮ የሚያሰራጩትን የኤዲኤስ-ቢ መረጃ እሰበስባለሁ፤ ሥራዬም ከዚያ ላይ ፍጥነትና ፍጥንጥነት ማውጣት ነው።

ሚዛን እንዳሉት መደመር ትንሽ ስሕተትን ያሳድጋል። እኔ በየቀኑ የምገጥመው ግን ተቃራኒውን ነው፤ የፍጥነትን ለውጥ ለጊዜ አካፍለን ፍጥንጥነት ስናወጣ የሚያድገው ሽርፍራፊው ነው። አውሮፕላኑ ፍጥነቱን ወደ ሙሉ ኖት አጠጋግቶ በየግማሽ ሴኮንዱ ይልካል። አንድ ኖት 0.51 ሜትር በሴኮንድ ነው። ንባቡ ከ564 ወደ 565 በዘለለባት ግማሽ ሴኮንድ አውሮፕላኑ በ1 ሜትር በሴኮንድ ካሬ የፈጠነ ይመስላል፤ ይህም ከእውነተኛው ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ቁጥሮቹን ለብዙ ደቂቃ ሳላስተካክል በፍጹም አላካፍላቸውም። የመምህሩ እኅት በየ10 ደቂቃው መጻፏ እንደ ጉድለት ሊቆጠር አይገባም።

ነገር ግን ረጅም ጊዜ ሁልጊዜ ጥሩ ነው ተብሎ እንዳይወሰድ አደራ እላለሁ። ውቅያኖስ ላይ ባይሆንም፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 21 ቀን 2024 ከለንደን ወደ ሲንጋፖር ይበር የነበረው 777 በማያንማር በኢራዋዲ ተፋሰስ ላይ ሲናወጥ፣ ከላይ ወደ ታች ያለው ፍጥንጥነት በ0.6 ሴኮንድ ውስጥ ከ1.35 እጥፍ ስበት ወደ ተቃራኒው 1.5 ዞረ፤ ቀበቶ ያላሰሩ ተሳፋሪዎች ወደ ጣሪያው ተወረወሩ፤ በቀጣዩ 4 ሴኮንድ ደግሞ ወደ 1.5 ተመልሶ ወደ ታች ጣላቸው። በዚያ ሁሉ አውሮፕላኑ የወረደው 178 ጫማ፣ 54 ሜትር ብቻ ነው። ይህን ማየት የተቻለው በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የበረራ መረጃ መቅጃ የቁመቱን ፍጥንጥነት በሴኮንድ ብዙ ጊዜ ስለሚመዘግብ ነው። በደብተር ቢሆን ኖሮ ምንም አልሆነም ነበር የሚባለው።

የውቅያኖሱን ክትትል በተመለከተ፣ የምድር ራዳርም ሆነ የምድር አንቴና በዚያ ከፍታ ያለን አውሮፕላን የሚያየው ከባሕር ዳርቻ እስከ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የምድር ጎባጣነት ይጋርደዋል። ለብዙ ዘመን በሰሜን አትላንቲክ ላይ ተቆጣጣሪዎች ተከታታይ አውሮፕላኖችን ሳያዩ የሚያራርቁት ለሁሉም አንድ የማክ ቁጥር በመመደብ ነበር፤ በአንድ አየር ውስጥ በአንድ ማክ የሚበሩ ሁለት አውሮፕላኖች ነፋሱ ቢገፋቸውም አብሮ ስለሚገፋቸው ርቀታቸው ብዙም አይለወጥም። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ደግሞ በ66ቱ የኢሪዲየም ሳተላይቶች ላይ የተጫኑ ተቀባዮች ያንኑ ኤዲኤስ-ቢ ከሰማይ ይሰሙታል። በነጻ የሚታዩ የበረራ መከታተያ ድረ ገጾች ግን በባሕሩ መካከል የሚያሳዩት መሥመር ብዙ ጊዜ በግምት የተሳለ ስለ ሆነ፣ መምህር፣ ከዚያ የሚወሰድ ቁጥር ለክፍልዎ ባይሆን እመርጣለሁ።


ጠያቂ፦ መምህር ዘደሴ

ሦስታችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዛሬ ጠዋት የ2 ዲግሪውን ሒሳብ በሰሌዳ ላይ ሳወጣ፣ 2,218 የሚለው ቁጥር ሲወጣ ክፍሉ ጸጥ አለ። ስልኩ ተበላሽቷል ያለው ልጅ ራሱ ተነሥቶ ዴስኩን በደብተር ከፍ አድርጎ፣ ስልኩን አስቀምጦ፣ ሳይንቀሳቀስ ሲፈጥን አሳየን።

አንዲት ተማሪዬ ግን መልስ ያጣሁለት ጥያቄ አነሣች። አውሮፕላኑ ነፋስ ባይኖርና ፍጥነቱ ባይለወጥ እንኳ ክብ በሆነች ምድር ዙሪያ ነው የሚጓዘው፤ ታዲያ ፍጥንጥነቱ ዜሮ ነው ማለት እንችላለን ወይ ብላ ጠየቀች። በተጨማሪም እኅቴ ከጥቂት ወራት በኋላ ያንኑ መንገድ ትደግማለች፤ በዚህ ጊዜ ምን ብታደርግልኝ ይሻላል?


መልስ 4፦ ሚዛን

ያቺን ልጅ በእኔ ስም አመስግኑልኝ፤ ትክክል ናት፤ እኔም ባለፈው ስጽፍ ይህን ዘልዬዋለሁ። በሰዓት 1,046 ኪሎ ሜትር ማለት 290.6 ሜትር በሴኮንድ ነው። የፍጥነቱን ካሬ ለምድር ሬዲየስና ለከፍታው ድምር፣ ለ6,382 ኪሎ ሜትር፣ ስናካፍል 0.0132 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ወደ ምድር መሀል ይወጣል። ይህ ደብተሩ ካሳየው 0.0083 ይበልጣል፤ በስክሪኑ ላይ ግን የፍጥነቱ አቅጣጫ እንጂ መጠኑ ስለማይለወጥ አይታይም።

በዚህ ላይ ምድር ራሷ ወደ ምሥራቅ ትዞራለች። እኅትዎ በ42 ዲግሪ ሰሜን ላይ በቀጥታ ወደ ምሥራቅ እየበረረች ከሆነ፣ የምድር ዙረት በፍጥነቷ ላይ ተጨምሮ ሌላ 0.0315 ያመጣል። ሁለቱ ሲደመሩ 0.0447 ነው፤ ክብደቷ 70 ኪሎ የሆነ ሰው በዚህ ምክንያት ብቻ 320 ግራም ያህል ይቀልለዋል። ከፍታው ደግሞ ወደ 250 ግራም ይቀንስለታል። ወደ ምዕራብ ስትመለስ የዙረቱ ድርሻ ምልክቱን ይገለብጣል።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጉዞ ስልኩን ለፍጥነት ሳይሆን ለዚህ እንድትጠቀምበት እመክራለሁ። በዋሽንግተን ከመነሣቷ በፊት፣ መናወጥ በሌለበት በውቅያኖሱ ላይ፣ ቦሌም አርፋ አውሮፕላኑ ሲቆም፣ በእያንዳንዱ ቦታ ለአምስት አምስት ደቂቃ ትመዝግብ። ሦስቱንም አቅጣጫዎች ካሬ አድርጋችሁ ደምራችሁ ካሬ ሥሩን ብትወስዱ ዘመምታው ከሒሳቡ ይወጣል። የምጠብቀው በዋሽንግተን 9.80፣ በውቅያኖሱ ላይ 9.72፣ በቦሌ 9.77 ገደማ ነው። የስልኩ ንባብ በጠቅላላው ከዚህ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል፤ እናንተ የምትፈልጉት ልዩነቱን ነው። ስልኩ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ንባቡ ስለሚዛባም ከኪሷ አውጥታ ሩብ ሰዓት ያህል ሳትነካው ካቆየችው በኋላ ትጀምር።

ደብተሩን በተመለከተ፣ ስክሪኑ ኬክሮስና ኬንትሮስ የሚያሳይ ከሆነ እነርሱንም ትጻፍ። በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት በክብ ምድር ላይ አስልታችሁ በጊዜው ስታካፍሉ፣ ስክሪኑ የሚለውን ፍጥነት ሳታምኑ በራሳችሁ ታገኙታላችሁ። ለዚህ ግን ሰዓቱን እስከ ሴኮንዱ መጻፍ ይኖርባታል፤ ወደ ደቂቃ ካጠጋጋችው በ10 ደቂቃ ልዩነት ላይ ስሕተቱ እስከ 10 በመቶ፣ ማለትም በሰዓት እስከ 100 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ይህም ልትለኩት ከምትፈልጉት ነፋስ ጋር የሚቀራረብ ነው።